ስምንት መሣሪያ ለአንድ ትከሻ

የወንድሜን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው ጉዱን የሰማሁት። ነጩን፣ ትልቅ ቀን ሲሆን ብቻ ከቁም ሣጥን የሚወጣውን። እሱ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ጠባብ በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ኩሽናውንና በረንዳውን የምትለየው መስኮት መስታወቷ ከተሰበረ ጀምሮ በካርቶን ነው የተደፈነችው፤ ካርቶን ደግሞ ነፋስ እንጂ ወሬ አይከለክልም። «ማታ እንዳልኩህ አደረግከው አይደል?» አለ። ትንሽ አዳመጠና «ጎሽ! ስምንቱንም ይያዙ፤ ገደብ የሚባል ነገር እንዳላይ። ለሷ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ቆንጥር ከሰማች ቀኑን ታበላሽብናለች። እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለ። ቆንጥር እኔ ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው፣ ልጆች ሆነን፣ የነካኝን ሁሉ ስለምወጋ። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ግን ምን አደረግኩ? ኮሌታውን ገልብጬ ተኮስኩ፣ እጅጌውን ተኮስኩ፣ በቁልፎቹ መሃል ያለችውን ቦታ እንኳ በካውያው ጫፍ አስተካከልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሸሚዝ አሳምሬ ተኩሼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ልንገራችሁ። እኔና ወንድሜ የቪዲዮ ጌም ነው የምንሠራው። የተኩስ ጌም። «እሱም ሥራ ነው?» ለሚለኝ ሰው መልስ መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ድርጅቱ የሱ ነው፤ እንግዳ የሚያናግረው፣ ከቤት አከራይ ጋር የሚጨቃጨቀው፣ ደመወዝ የሚያዘገየው እሱ ነው። ውጊያው ግን የኔ ነው። ተጫዋቹ ምን ይዞ እንደሚገባ፣ ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣበት፣ ጥይቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅበት የምወስነው እኔ ነኝ። ጌማችን ውስጥ ስምንት መሣሪያ አለ። በአንድ ጊዜ መያዝ የሚቻለው ግን ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እጅ ላይ፣ አንዱ ትከሻ ላይ። ሦስተኛ ያማረው ሰው ከሁለቱ አንዱን መሬት ላይ ይጥላል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ለዚህች ሕግ ስል ከወንድሜ ጋር ያልተጣላሁበት ሳምንት የለም።

ከሜዳ አንስቼም አላመጣኋት። ስንት ወር ሙሉ ጌም ቤት ውስጥ ከተጫዋቾች ጀርባ ተቀምጬ ነው ያገኘኋት። እኔ ሰው ሲጫወት ስክሪኑን አላይም፤ ጣቶቹን ነው የማየው። ስክሪንማ ሁሌም ግርግር ነው፣ ይፈነዳል፣ ይጮኻል፤ ጣት ግን አይዋሽም። ስምንቱን በአንዴ የሰጠሁት ሰው መጀመሪያ ላይ ጣቱ አያርፍም፣ ይህን ይነካል፣ ያንን ይሞክራል። ትንሽ ቆይቶ አውቶማቲኩ ላይ ይተኛል። አውቶማቲክ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሆናላ! ለቅርቡም ለሩቁም። ታዲያ ምን አስጨነቀው? ትልቁን ቦምብ መወርወሪያማ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ክፉ ቀን መጥቶ ይገድለዋል፣ መወርወሪያው ትከሻው ላይ እንደተሰቀለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ሁለት ብቻ ስሰጠው ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ባለ ጋሻው ጠላት ሲመጣበት እጁ ላይ ያለው አይበሳለትም፤ መሬት ላይ የወደቀውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ለማንሳት ከተደበቀበት መውጣት አለበት። እሱን ሲያነሳ የሩቁን ጥሏል፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለው አነጣጣሪ ሳያገኘው ወደ ውስጥ መሮጥ አለበት። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ውጊያ ይዋጋል ማለት ነው። ይሰድበኛል፣ ግን ተነስቶ አይሄድም።

ወንድሜም ሞኝ አይደለም፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ። «ሰው የያዘውን ጣል ሲሉት አይወድም» ይላል፤ አይወድም። ባለፈው ሙከራ ሁለት ሰዎች መሣሪያ ጣሉ ሲባሉ ማዳመጫቸውን ወርውረው ወጥተዋል። ሠዓሊያችን እያንዳንዷን መሣሪያ እስከ ቃታዋ ጭረት ድረስ ዓይኑ እስኪቀላ ነው የሠራት፤ በኔ ሕግ ግን ግማሾቹን ሳያያቸው የሚጨርስ ሰው አለ። ዛሬ ጌማችንን ልታይ የምትመጣው ገዢ ደግሞ ስልክ ደውላ «ብዙ መሣሪያ ያለው ነገር ይሸጣል» ብላዋለች። እሷ እንዲህ ካለችው በኋላ ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። የፈራውም ወዶ አይደለም። ዛሬ ካልወሰዱልን በወሩ መጨረሻ በሩ ይዘጋል፣ እኔም እሱም ሌሎቹም ቤታችን እንገባለን። ከወሰዱልን ደግሞ ዛሬ ያዩትን ነው የሚወስዱት። ወይ የኔን ሁለት፣ ወይ የሱን ስምንት። አንዴ ለዓለም ከወጣ በኋላ ማንም ተመልሶ አይነካውም፤ የስንት ዓመት ልፋቴ ወይ እንዳለ ይወጣል፣ ወይ አውቶማቲክ ይዞ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል።

ቁርስ ላይ ሦስታችን ነበርን፤ እናታችን፣ እሱና እኔ። ጠረጴዛው ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ማንም ማንንም ፊት ለፊት አያይም፤ ሁላችንም ግድግዳ እያየን ነው የምንበላው። እናቴ እንቁላል ቀቅላለች። የእንቁላሉን ዋጋ እየረገመች ነው፤ ድሮ በአንድ እንቁላል ዋጋ ዶሮዋ ራሷ ትመጣ ነበር አለች፣ እውነት እንዲህ ዓይነት ዘመን ነበር ወይ ስላት ሳቀች። ለወንድሜ ሁለት፣ ለኔ አንድ። ዛሬ እንግዳ የሚያናግረው እሱ ነዋ! እኔ አፌን በዳቦ ሞልቼ ጠበቅኩት። ይናገር ይሆን? ሻዩን አማሰለ፣ ስኳር አልጨመረም፣ ግን አማሰለ። እናታችን አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እሷ ግን ዥንጉርጉሩን አንድ ቀለም ለማድረግ ዕድሜዋን ፈጅታለች። «ዛሬ እንኳ አትጣሉብኝ» አለች። «ምን ያጣላናል?» አለ ወንድሜ። እኔም «ምን ያጣላናል?» አልኩ። ሸሚዙን ለበሰ፣ በመስታወት አየና «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ልል?

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከኋላ ወንበር፣ ጉልበታችን ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጣብቆ። ሒሳቡ ትናንት ከነበረው ጨምሯል፣ አንዲት ሴትዮ ከረዳቱ ጋር ተያይዛለች፣ ሌላው ሰው እንደ እሷ መጮህ አምሮት ግን ዝም ብሏል። ወንድሜ የሁለታችንንም ከፈለ። ከዚያ «ደህና ነሽ?» አለኝ። ድንገት ነው ያለኝ። አየሁት፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ጠዋት በብርዱ። ያኔ ብናገር እዚያው ታክሲ ውስጥ እንጮሃለን፣ ሴትዮዋ ትገላግለናለች፣ ወርደንም እየተሰዳደብን ቢሮ እንደርሳለን፣ እንደ ሁልጊዜው። እሱም ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ አፉ ሲከፈት አይቻለሁ። «ደህና ነኝ» አልኩት። አፉን ዘጋ። ቀሪውን መንገድ እሱ በግራ መስኮት፣ እኔ በቀኝ መስኮት እያየን ሄድን።

ቢሯችን ከጎማ ጠጋኝ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ የጎማ ሽታ ይከተላችኋል፣ ከገባችሁም በኋላ ልብሳችሁ ላይ ይቀራል። አንድ ትልቅ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ለእንግዳ ተብሎ የተገዛ አንድ ደህና ወንበር። ፕሮግራም የሚጽፍልን ልጅ ቁልፌ እንለዋለን፣ ጣቱ ከቁልፍ ሰሌዳ ስለማይነሳ። እኔ ስገባ ተነስቶ ቆመ። ቁልፌ ለማንም ተነስቶ አያውቅም! ጠዋት በስልክ የታዘዘው እሱ መሆኑን ወዲያው ፊቱ ላይ ተጽፎ አየሁት፤ ውሸት የማያውቅ ሰው ሲያስዋሹት ያሳዝናል። «እንዴት አደርሽ? ደህና አደርሽ? ቤት ደህና?» ይላል፣ መልስ ሳይጠብቅ። ደህና ነን አልኩት፣ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ የትናንቱን የራሴን ጌም፣ ባለ ሁለቱን፣ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ፍላሹን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ለእንግዶቹ በተዘጋጀው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጌም ከፈትኩት። ማንም አልከለከለኝም፤ ወንድሜ ታች ወርዶ ጎማ ጠጋኙን ለሁለት ሰዓት ያህል መዶሻውን እንዲያስቀምጥ እየለመነው ነበር።

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት። ከፍቼ የመጀመሪያውን ክፍል እንዳየሁ ነው ስህተቱ የታየኝ። ገደቡን አንስተዋል፤ ጥይቱን ግን አልነኩትም። በኔ ሕግ መሬት ላይ የወደቀ መሣሪያ ሁሉ የራሱን ጥይት ይዞ ነው የሚገኘው፤ ሰው ሊይዝ የሚችለው ሁለት ብቻ ስለሆነ ብዙ ሜዳ ላይ ብበትን ግድ የለኝም ነበር። ስምንቱንም የሚይዝ ሰው ግን ያንን ሁሉ ለቅሞ ይሸከመዋል። አንድ ዓይነት ጥይት የሚጎርሱት ሦስቱ መሣሪያዎች ደግሞ ጥይታቸው ይደመራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ አውቶማቲኩ ጥይት የማያልቅበት ሆኗል ማለት ነው። ጥይት ካላለቀ ማን ይንቀሳቀሳል? ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከወደቀው ፍሪጅ ጀርባ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው መተኮስ ነው። በስምንትም ቢሆን እኮ ጥይቱ ቢቀነስ ጌሙ እንደምንም ይሄድ ነበር፤ እንደኔው ባይሆንም ያን ያህል አያሳፍርም። ማስተካከያው ቀላል ነው። ቁልፌን ጠርቼ «ይህችን ቁጥር ቀንሳት» ብለው እንግዶቹ ደረጃ ሳይወጡ ያልቃል።

ቁልፌ ከጀርባዬ መጥቶ ቆመ። «አየሽው እንዴ?» አለ፣ ድምፁ ሄዷል። «ምኑን?» አልኩት። «እ... ምንም። ሁሉም ደህና ነው?» ወደ ስክሪኑ አየሁ፣ ወደ ቁጥሯ አየሁ። ጠዋት የሰማሁት ትዝ አለኝ፤ «ቀኑን ታበላሽብናለች»። እኔ! የስንት ወር ሌሊቴን የሰጠሁት እኔ ቀን አበላሺ! «ሁሉም ደህና ነው» አልኩትና ዘጋሁት። ቁልፌ ተነፈሰ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ። ገዢዋ ጠና ያለች፣ ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ደረጃውን ወጥታ ስትደርስ «ጌማችሁን ሳላይ ልሞት ነበር» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አብሯት የመጣው ግን አይስቅም። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ሥራው መጫወት የሆነ ሰው ነው፤ ሲጫወት ውሎ ሲጫወት የሚያድር፣ እሷም የጌሙን ጥሩነት ከፊቱ ላይ የምታነብበት። ወንድሜ ማር ሆነ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ወንበር ሳበ፣ ውሃ አቀረበ፣ ስለ ትራፊኩ አማረረ፣ ሠዓሊውን አስተዋወቀ፣ ቁልፌን አስተዋወቀ፣ እኔን «እህቴ ናት» አለ። ሥራዬን አልተናገረም። ተጫዋቹ ደህናው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ወንበሩ አቃሰተ፣ ጀመረ። እኔ ስክሪኑ በማይታየኝ በኩል፣ ጣቶቹ በሚታዩኝ በኩል ቆምኩ።

መጀመሪያ ላይ ወደደው። ይህን መደበቅ አልችልም። መሣሪያ ባገኘ ቁጥር ያነሳል፣ ይሞክራል፣ ጣቱ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ሠዓሊያችን ከኋላ ሆኖ አንድ በአንድ ሲወጡለት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቦምቡን ሲወረውርና የፎቁ ግማሽ ሲናድ ያ የማይስቅ ሰው «ኧረ በለው!» አለ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ምን ያለ አስተያየት መሰላችሁ! ይኸው፣ አላልኩሽም? ዓይነት። ለአንድ አፍታ እኔ ራሴ ተጠራጠርኩ። የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ? ሰው ደስ ካለው ደስ አለው፣ እኔ ማን ነኝ ጣል የምለው? ኪሴ ውስጥ ፍላሹን ጨበጥኩት። ከታች የጎማ ጠጋኙ መዶሻ አንዴ ጓ! አለና የገባውን ቃል አስታውሶ መሰለኝ ዝም አለ።

ከዚያ ጣቶቹ ቆሙ። ሁለተኛው ክፍል አጋማሽ ላይ ነው። ግራ እጁ ሰሌዳው ላይ ተዘረጋ፣ ቀኙ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይነካል። ስክሪኑን ሳላይ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ፍሪጁ ጀርባ ተቀምጧል። ባለ ጋሻው ይመጣል፣ በአውቶማቲክ ያርከፈክፍበታል፣ ጋሻው ቀስ እያለ ይሰበራል፣ ይወድቃል። እየሮጡ የሚያጠቁት ጠላቶች፣ ሯጮቹ፣ ይመጣሉ፣ ይወድቃሉ። ጣሪያ ላይ ያለው ይተኩሳል፣ ይወድቃል። ድምፁ አንድ ነው፤ ትር ትር ትር፣ ፀጥ፣ ትር ትር ትር። ገዢዋ ሰዓቷን አላየችም፣ ግን የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። ተጫዋቹ ማዛጋቱን ሊውጠው ሞከረ። ወንድሜ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቷል፣ ዓይኑ ግን ከኋላው ሸሽቷል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ለኔ ቀኑን ሙሉ መሰለኝ። እውነት ለመናገር፣ ዓይኔ እያየ ወንድሜ ሲሰምጥ ደስ ብሎኛል።

ገዢዋ ነች ቀድማ የተናገረችው። «ስምንት መሣሪያ ነው ያላችሁኝ?» አለች። «ስምንት» አለ ወንድሜ። «እኔ ግን የማየው አንድ ነው» አለች፣ አሁን ሳትስቅ። ተጫዋቹ እጁን ከሰሌዳው ላይ አነሳ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮሌታውን በጣቱ ሳብ አደረገ፣ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር «የውጊያውን ክፍል የሠራችው እህቴ ናት፤ እሷ ታስረዳችሁ» አለ። ወይ ጉድ! ሥራዬን ሲያስተዋውቅ ያልጠራኝ፣ ሲበላሽ ጠራኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቁልፌ መሬት መሬት ያያል።

«ይህ የኔ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ጮክ አለብኝ። «የኔ ይኸውላችሁ።» ፍላሹን አወጣሁ፣ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ሰካሁት። ወንድሜ አንድ እርምጃ መጣ፣ ቆመ። ሰው ፊት ምን ያድርግ? ጌሙ ተከፈተ። ተጫዋቹ ሦስተኛ መሣሪያ ሊያነሳ ሲል ጌሙ «አንዱን ጣል» አለው። «ምን ማለት ነው?» አለ። «መጣል ነው» አልኩት። አልጣለም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሞተ። እንደገና ገባ፣ እንደገና ሞተ፣ ሰደበኝ፣ ገዢዋ «አፍህን!» አለችው። ሦስተኛው ላይ ባለ ጋሻው ሲመጣበት አውቶማቲኩን ወርውሮ ባለ ሁለት አፈሙዙን አነሳ፣ ተጠጋው፣ ገደለው፤ ጥይቱ አለቀበት፣ የሟቹን ሽጉጥ ለቅሞ ሮጠ፤ ሯጮቹ መጡበት፣ ለክፉ ቀን የሚባለውን መወርወሪያ ከመሬት ሲያገኘው ሊሸከመው ቦታ ስለሌለው እዚያው ተኮሰውና ጣለው። ጣቶቹን ብታዩ! ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፣ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ገዢዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋች፤ ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ሠዓሊያችን «ያቺን ደግሞ አንሳት፣ ከበሩ ሥር!» ብሎ ጮኸ። አምስት መሣሪያ አለፈበት አንድ ክፍል ውስጥ። ቀና ስል ወንድሜ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል።

ገዢዋ ተጫዋቹን በግድ አስነሳችው። «ይሄኛውን ነው የምንወስደው» አለች። «ያኛውን ማን እንደሠራው አልጠይቃችሁም። ተጫዋቹ መጀመሪያ ላይ ሳይናደድ መጣልን የሚያስተምር ነገር ትጨምራላችሁ፣ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ወንድምሽን ጥሪውና እንነጋገር።» ቁልፌ ዘሎ አቀፈኝ፣ ሠዓሊው ግንባሬን ሳመኝ። እኔ ግን ቀድሜ ወደ በሩ ሄድኩ። ልፎክርበት ነው ልታረቀው፣ እስካሁን አላውቅም።

ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ በነጩ ሸሚዝ፣ የጎማ ጥላሸት ባለበት ደረጃ ላይ። «ወሰዱት» አልኩት። «ሰምቻለሁ» አለ። «እንኳን ደስ ያለሽ።» ከልቡ ነው ያለው፤ እሱን ነው ያልጠበቅኩት። ከፊቱ ቆምኩ፣ እሱ ቀና አላለም። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር፣ ግን ደከመኝ። «ጠዋት። በስልክ ስታወራ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ታክሲ ውስጥ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር ማለት ነው።» «አንተም ልትነግረኝ ትችል ነበር» አልኩ። «እችል ነበር» አለ። ከዚያ «ጥይቱንስ?» አለኝ። «እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ፣ የጥይቱ ነገር። አንቺ ሳይታይሽ አይቀርም። አይተሽ ነበር?» ዓይኔን ወደ ደረጃው መለስኩ፤ ገባው። «እኔ ከኋላሽ ነው የሠራሁት፤ ፈርቼ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረውም። «አንቺ ግን አጠገቤ ቆመሽ፣ ገደሉን እያየሽ፣ ስሄድ ዝም አልሽኝ።»

«አንተ ነህ የጀመርከው» ልለው ነበር፣ ልጅ ሆነን እንደምንለው። እሱ ግን ቀደመኝ። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ «የሚፈርሙት ነገር ካለ አንቺ ፈርሚ» አለኝና ወረደ። ሮጬ መያዝ እችል ነበር፤ ሁለተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስም፣ አንደኛው ጋ ሲደርስም እችል ነበር። አልሮጥኩም። የውጪው በር ሲዘጋ ጎማ ጠጋኙ ጨርሰናል መስሎት መዶሻውን ጀመረ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እናታችን ናት። «እህ? እንዴት ሆነ?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ፤ ጠዋት ከወጣን ጀምሮ ስልኩን ይዛው እንደተቀመጠች ከድምፇ ያስታውቃል።

«ተሳካ እማዬ፤ ወሰዱት» አልኳት።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች! ተመስገን!» እልል አለች፣ ብቻዋን፣ እዚያ ግድግዳ የሚያይ ጠረጴዛ አጠገብ። «ሳትጣሉ?»

«ሳንጣላ» አልኩ።

«በይ ስጪኝ ወንድምሽን፣ እንኳን ደስ ያለህ ልበለው» አለች። ደረጃውን ቁልቁል አየሁ። «አንቺ? ስጪኝ እንጂ፣ አጠገብሽ አይደል?» አለችኝ።